ሰዓቱ ያልቆመ ዕለት

(በዋጃ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ በውጭ አገር የምትኖር አባላችን ያደረገችው ንግግር)

  

ሰብሳቢያችን «ስለ ዋና ትነግረናለች» ብላ ስታስተዋውቀኝ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ዋጃ ላይ ምን ውሃ አለና ነው ስለ ዋና የምትነግሪን?» ብለው ሁላችንንም አስቀዋል። እውነታቸውን ነው። እኛ እዚህ ያደግነው ውሃን በሁለት መልኩ እያወቅን ነው። አንደኛው በጀሪካን በጀርባችን የምንሸከመው ነው። ሁለተኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ እዚህ ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይጥል፣ ከምዕራቡ ደጋ በድንገት እየጋለበ የሚወርደው ጎርፍ ነው። አባቶቻችን ጎርፉን እየጠለፉ ማሽላቸውን አጠጡ፤ እናቶቻችን ደግሞ «ወንዙ ውስጥ እንዳትገቢ» እያሉ ቆነጠጡን። ስለዚህ እኔ ዋና የተማርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ በሰው አገር፣ በገንዳ ውስጥ፣ ልጄ ከምትሆን አስተማሪ ነው። በመጀመሪያው ቀን የገንዳውን ጠርዝ ለግማሽ ሰዓት ያህል አልለቀቅኩም።

ዛሬ የቆምኩት ግን ዋና ላስተምራችሁ አይደለም። ያለብኝን ሂሳብ ላወራርድ ነው።

እንደምታስታውሱት፣ ባለፈው ዓመት አንድ ቃል ገብቼ ነበር። የወፍጮው ሞተር ጉዳይ ሲነሳ፣ ማሽላ ተሸክመው ረጅም መንገድ የሚሄዱ አባሎቻችንን እያሰብኩ፣ «በጎልማሶች ዋና ውድድር እገባለሁ፤ በእኔ መዋኘት ወዳጆቼ ገንዘብ ያዋጣሉ» አልኩ። ውሉ ቀላል ነበር። መቶ ሜትሩን ዋኝቼ ከጨረስኩ ሁሉም የተስማማበትን ይሰጣል። ከሁለት ደቂቃ በታች ከጨረስኩ ደግሞ እጥፉን ይሰጣል። ብዙዎቻችሁ «ስንት ሆነ? አገኘሽው ወይ?» ስትሉኝ ከርማችኋል። በስልክ አጭር መልስ ሰጥቻለሁ፤ ሙሉውን ግን ፊት ለፊት ልናገር ብዬ አቆይቼዋለሁ።

መጀመሪያ ይህ የጎልማሶች ውድድር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በዓለም ላይ «ማስተርስ» ይባላል። በዋና ከሃያ አምስት ዓመት ጀምሮ፣ በአትሌቲክስ ከሠላሳ አምስት ዓመት ጀምሮ ያለ ሰው ይገባበታል። ተወዳዳሪዎች በአምስት በአምስት ዓመት የዕድሜ ክልል ይመደባሉ፤ እኔ ከ50 እስከ 54 ባለው ውስጥ ነኝ። ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆን አይገባም። ደራርቱ ቱሉ በ2009 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክን ማራቶን ስታሸንፍ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ በዕድሜዋ ማስተርስ ነበረች ማለት ነው። ቀነኒሳ በቀለም በ2024 እ.ኤ.አ. በለንደን ማራቶን፣ በአርባ አንድ ዓመቱ፣ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ገብቶ ሁለተኛ ወጥቷል።

እኔን ከእነሱ ጋር አታወዳድሩኝ። በመቶ ሜትር ነጻ ቀዘፋ የአገራችን ልጅ ሮቤል ኪሮስ በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሊምፒክ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ሲዋኝ ዓለም ሁሉ ሳቀበት። እኔ ለዚያው መቶ ሜትር የምመኘው ሁለት ደቂቃ ነው። ከእሱ ይልቅ የምቀርበው በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሊምፒክ ለዋኘው ለኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ ነው። አብረውት የተመደቡት ሁለቱ ዋናተኞች ከምልክቱ በፊት ገብተው ስለተሰረዙ፣ ብቻውን ዋኝቶ 1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ላይ ጨረሰ። እኔ እሱንም አልደርስበትም። ደግነቱ በማስተርስ ውድድር ማንም ማንንም አይስቅበትም። ተወዳዳሪው የሚሰለፈው አስቀድሞ ባስመዘገበው ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቀርፋፎቹ መጀመሪያ ይገባሉ። በአንድ ምድብ ውስጥ የሰባ ዓመት አዛውንትና የሠላሳ ዓመት ጀማሪ ጎን ለጎን ሊዋኙ ይችላሉ። እያንዳንዱ ሰው የሚታገለው ከራሱ የቀድሞ ጊዜ ጋር ነው።

ስለዚህ በእኛ ውድድር ሰዓት ማለት ሁሉም ነገር ነው። ሰዓቱ ከሳተ፣ ለወራት የለፋሽበት ነገር ምን ላይ ይጻፋል?

ሰዓት የሚያዘው እንዲህ ነው። በደንብ በተደራጀ ውድድር በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ፣ የገንዳው ግድግዳ ላይ፣ ሰፊ የንክኪ ሰሌዳ ይሰቀላል። ዋናተኛዋ እጇን ስታሳርፍበት ሰዓቱ ራሱ ይቆማል። ሰሌዳው ግን የሚሠራው በደንብ ሲጫኑት ነው፤ በጣት ጫፍ ዳሰስ ቢያደርጉት ላይሰማ ይችላል። የገንዳው ማዕበል በመታው ቁጥር ሰዓት እንዳይቆም ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። ለዚህም በመጠባበቂያነት በየመስመሩ ሰዓት ያዦች ይቆማሉ። ከእነሱም አንዳንዶቹ የዋናተኞች ባሎች፣ ልጆችና ጎረቤቶች ናቸው።

በዚያ ቀን ውሃው ውስጥ ገባሁ። የመጀመሪያውን ሃምሳ ሜትር እንደለመድኩት ሄድኩ። ስመለስ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ሲቀረኝ ትከሻዬ እሳት ሆነ። ያን ጊዜ ያሰብኩት፣ አልዋሻችሁም፣ ስለ ወፍጮ አልነበረም። «መቼ ነው የሚያልቀው» ብቻ ነበር። እጄን ዘርግቼ ግድግዳውን ነካሁ፤ ቀና ብዬም ትልቁን የሰዓት ማሳያ አየሁ። የሌሎቹ መስመሮች ቆመዋል። የእኔ እየቆጠረ ነው። 2 ደቂቃ ከ5፣ 2 ደቂቃ ከ6፣ 2 ደቂቃ ከ7። ግድግዳውን ይዤ፣ ተንፍሼ ሳልጨርስ፣ ሰዓቱ ገና በመዋኘት ላይ እንደሆንኩ ይናገራል።

እህቶቼ፣ ያኔ የተሰማኝን ታውቁታላችሁ ብዬ አስባለሁ። ቀኑን ሙሉ ስትሠሩ ውላችሁ ማታ «ዛሬ ምን ሠራሽ?» የተባላችሁ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሥራው ተሠርቷል፤ የሚመሰክርለት ግን የለም።

ያን ዕለት ደግነቱ በመስመሬ ላይ ሦስት ሰዓት ያዦች ነበሩ። አንዷ ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴትዮ፣ ሌላው የአንዲት ዋናተኛ ባል፣ ሦስተኛው ጎረምሳ ልጅ። ሦስቱ የያዙት ይህ ነበር። ጎረምሳው 1 ደቂቃ ከ59.8 ሰከንድ። ሰውዬው 2 ደቂቃ ከ0.3። ሴትዮዋ 2 ደቂቃ ከ0.4። ጎረምሳው ፈገግ ብሎ «ከሁለት ደቂቃ በታች ገብተሻል» አለኝ። ከተመልካች ወንበር ያለች ጓደኛዬ ደግሞ ስልኳን እያወዛወዘች «1 ደቂቃ ከ58!» ብላ እልል አለችልኝ።

ይሄኔ ወደ ዋና ዳኛው ሄድኩ። (በእኛ ቋንቋ የዋና ዋና ዳኛ ማለት እንዴት ያስቃል!) ዳኛው ሕጉን በትሕትና ነገሩኝ። የንክኪ ሰሌዳው ሳይሠራ ቀርቶ ሦስት የእጅ ሰዓት ካለ፣ ሁለቱ ከተስማሙ የሁለቱ ይጻፋል፤ ሦስቱም ከተለያዩ የመካከለኛው ይጻፋል። ፈጣኑም ቀርፋፋውም አይወሰድም። የተገኘው ሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነ የሁለቱ አማካይ ይያዛል። ስለዚህ የእኔ ጊዜ 2 ደቂቃ ከ0.3 ሰከንድ ሆነ። ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ጎደለኝ። ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጡ ያህል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልብሴን ለብሼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሰሌዳው የራሱን ቁጥር አልያዘም። አንድ ሕጋዊ ሰዓት ያዥ 59.8 ብሏል። የጓደኛዬ ስልክ 58 ብሏል። ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች እዚያ አልነበሩም። «ከሁለት ደቂቃ በታች ገባሁ» ብል ውሸት ነበር ወይ? ጎረምሳው አላለም ወይ? ደግሞስ ገንዘቡ ለእኔ ነው ወይ? ለወፍጮ ሞተር አይደለም ወይ? ሰው ራሱን የሚያታልለው እንዲህ በበጎ ምክንያት ነው።

እዚሁ ዋጃ ያለች አክስቴ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋት። ስለ ሰሌዳውና ስለ መስመሩ ብዙም አልገባትም፤ ስለ ሦስቱ ሰዎች ግን ወዲያው ገባት። እንዲህ አለችኝ፦ «እናትሽ እህል ስትሸጥ ምን ታደርግ እንደነበር ረሳሽው?»

አልረሳሁትም። እናቴ ማሽላ ስትሸጥ ቁናውን ራሷ አትሰፍርም ነበር። ሻጭ ቁናውን መላጣ ማድረግ ይወዳል፤ ገዢ ደግሞ ክምር ይፈልጋል። ሁለቱም አይዋሹም፤ ሁለቱም የሚያዩት የየራሳቸውን ነው። ስለዚህ እናቴ ጎረቤት ትጠራና «አንቺ ስፈሪ» ትላት ነበር። የጎረቤታችን እጅ የሰፈረው ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ንግግር የለም። አንዳንዴ እናቴ ትጎዳ ነበር፤ ያኔም ጎረቤቷን አትወቅስም። በሚቀጥለው ጊዜም ያችኑ ሴት ትጠራለች።

የጓደኛዬን ስልክ ነገር አሰብኩ። ጓደኛዬ አልዋሸችም። ነገር ግን የምትወድሽ ሰው ሰዓት ስትይዝልሽ ሲጀመር ትዘገያለች፣ ሲያልቅ ትቸኩላለች። ምልክቱ ከተሰማ በኋላ ነው ጣቷ የሚነቃው፤ መድረሻው ላይ ግን እጅሽ ግድግዳውን ሳይነካ ቀድማ ትጫናለች። ሁለት ሰከንድ እንዲህ በፍቅር ትጠፋለች።

የዚያኑ ዕለት ማታ ለሁሉም ጻፍኩ። ሦስቱንም ቁጥር አስቀመጥኩ፤ ሰሌዳው እንዳልሠራ፣ ሕጉ የትኛውን እንደሚወስድ አስረዳሁ። «ጨርሻለሁ፤ ከሁለት ደቂቃ በታች ግን አልገባሁም» አልኩ። አብዛኞቹ የመጀመሪያውን መጠን ላኩ። ጥቂቶች ደግሞ እጥፉን ላኩ። እነሱን አመስግኜ አንድ ነገር ለመንኳቸው፦ ትርፉ በመዝገባችን ላይ «በስጦታ» ተብሎ ይጻፍ፤ «በውሉ መሠረት» አይባል። እንዲህም ተጻፈ። ለሞተሩ የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን ዛሬም አልሞላም። ይህን ደብቄ ደስ የሚል ወሬ ልነግራችሁ አልመጣሁም።

ከዚያ በኋላ ስለ ሰዓት ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ከእኔ በጣም የሚበልጡ ሰዎች በጣም የባሰ እንደደረሰባቸው አየሁ። በ1952 ዓ.ም. የተካሄደውን የሮም ኦሊምፒክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጳጉሜን 5 ቀን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሮጦ ያሸነፈበት ነው። ከዚያ ልክ ሁለት ሳምንት በፊት፣ በዚያችው ከተማ፣ የወንዶች መቶ ሜትር ነጻ ቀዘፋ ፍጻሜ ነበር። አውስትራሊያዊው ጆን ዴቪትና አሜሪካዊው ላንስ ላርሰን ሊለዩ በማይችሉበት ሁኔታ ገቡ። የዴቪትን መስመር የያዙት ሦስቱም ሰዓቶች 55.2 አሉ። የላርሰን ሦስት ሰዓቶች 55.0፣ 55.1 እና 55.1 አሉ። በሰዓት ላርሰን ፈጥኗል። በዓይን የሚፈርዱት ዳኞች ግን ለሁለት ተከፈሉ፤ የበላይ ዳኛው ለዴቪት ፈረደ፤ የላርሰንም ጊዜ ወደ 55.2 ተለውጦ ተጻፈ። ወርቁም የዴቪት ሆነ። ስድስት ሰዓቶች ምስክርነት ሰጥተው ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም።

ይህ ጭቅጭቅ ዓለምን ወደ መሣሪያ ገፋው፤ በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ የንክኪ ሰሌዳ ሥራ ላይ ዋለ። መሣሪያውም ቢሆን ፍርድ ይፈልጋል። በ1972 እ.ኤ.አ. በሙኒክ፣ በ400 ሜትር ድብልቅ ዋና፣ ስዊድናዊው ጉናር ላርሰን አሜሪካዊውን ቲም ማኪን በሺህኛ ሰከንድ ቆጠራ በሁለት ብቻ ቀድሞ ወርቅ ወሰደ። 4 ደቂቃ ከ31.981 እና 4 ደቂቃ ከ31.983። ኋላ ሰዎች ቁጭ ብለው አሰቡ፤ ገንዳው ራሱ በዚያ ልክ እኩል ሆኖ ሊገነባ አይችልም፤ የአንዱ መስመር ከሌላው በጥቂቱ ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በመቶኛ ሰከንድ ብቻ ይለካል፤ እኩል ከሆነም እኩል ይባላል። በ1984 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ በሴቶች መቶ ሜትር ነጻ ቀዘፋ ሁለት አሜሪካውያን እኩል 55.92 ገብተው ሁለቱም ወርቅ ወሰዱ። መለኪያ የማያውቀውን ነገር «አውቃለሁ» እንዳይል መከልከልም ፍትሕ ነው።

የንክኪ ሰሌዳን ነገር ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. የቤጂንግ ኦሊምፒክ በደንብ ያሳየናል። በመቶ ሜትር ቢራቢሮ ማይክል ፌልፕስ 50.58፣ ሚሎራድ ቻቪች 50.59 ገቡ። ቻቪች ሲደርስ እጁን ዘርግቶ ተንሳፈፈ፤ ፌልፕስ ግን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ቀዝፎ ሰሌዳውን መታው። እኔም በእኔ መጠን ያጠፋሁት ይህን ሳይሆን አይቀርም። ደክሞኝ ስለነበር ግድግዳውን ዳሰስኩት እንጂ አልመታሁትም። መሣሪያውን ብቻ መውቀስ ልክ አይሆንም።

እዚህ ካላችሁት ወጣቶች መካከል አንዳችሁ ነገ በሩጫም ሆነ በዋና ወይም በሌላ ሰዓት በሚያዝበት ነገር ብትወዳደሩ፣ ከእኔ ስህተት ይህን ውሰዱ። ከመጀመራችሁ በፊት ሰዓት ያዦቹን ሰላም በሉና ስማችሁንና መስመራችሁን አረጋግጡ፤ የሌላ ሰው ጊዜ በስማችሁ እንዳይጻፍ ይረዳል። ስትደርሱ ሰሌዳውን ምቱት። ሰዓቱ ካልቆመ አትጩኹ፣ አትልቀሱም፤ ከመስመራችሁ ሳትርቁ የተያዘውን ጠይቁ፣ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ዋና ዳኛው ሂዱ፤ ሰዓት ያዡ የፈቃድ ሠራተኛ ነው፣ ከእሱ ጋር አትጨቃጨቁ። አቤቱታ ካላችሁ በዚያው ቀን አቅርቡ፤ ያደረ አቤቱታ ምስክሮቹ ይበተናሉ። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ግን ተቀበሉትና ወደ ሚቀጥለው ውድድራችሁ ሂዱ። በሰዓቱ ተናድዳ ቀጣዩን ዋናዋን ያበላሸች ብዙ ሴት አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ግን ስለ ዋና ብቻ ብዬ አይደለም። የማኅበራችን ሳጥን ስንት ቁልፍ አለው? ሦስት። ሦስቱ በሦስት ሴቶች እጅ ናቸው። ወጣት አባሎቻችን አንዳንዴ «እነሱን መጠበቅ ጊዜ ይፈጃል፤ አንዷ ትያዘው» ይላሉ። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ እል ነበር። አሁን ግን ገባኝ። ሦስቱ ቁልፎች የተቀመጡት ሌባ ስላለን አይደለም። ሻጭም ገዢም የየራሱን ስለሚያይ ነው። የምትወደን ሴት ስትቆጥርልን ልክ እንደ ጓደኛዬ ስልክ ለእኛ ታደላለች፤ የተቀየመችን ደግሞ ታሳንስብናለች። ሦስት ሆነው ሲቆጥሩ፣ መካከለኛው ለማንም የማያደላ ይሆናል።

ለጋሾቻችንም ይህን ልበላችሁ። ከእኛ የሚደርሳችሁ ሪፖርት ሁልጊዜ 59.8 ላይሆን ይችላል። አንዳንዴ ሦስት አሥረኛ የጎደለው ይሆናል። ጎደለ ስንላችሁ ግን የጎደለውን ያህል ነው የጎደለው፤ ሞላ ስንላችሁም ሞልቷል። የዚህ ማኅበር ሀብት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሞተር ይገዛል፣ ይበላሻል፣ እንደገና ይገዛል፤ ያልታመነ ቃል ግን መለዋወጫ አይገኝለትም።

ያን ቀን ሰዓቱ ባይቆምም እኔ ግድግዳው ጋ ደርሼ ነበር። ውሃ ፈርታ ያደገች የዋጃ ልጅ መቶ ሜትር ዋኝታለች፤ ይህንን ማንም ሰሌዳ አይወስድብኝም። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን የእኔ ብቻ ስላልሆነ፣ እኔ ብቻዬን ልጽፈው አልችልም።

በመጪው ዓመት እንደገና እገባለሁ። ውሉ ያው ነው፤ ወዳጆቼም እሺ ብለዋል። የዘንድሮው ገቢ ዝርዝር፣ ውሉና ስጦታው ተለያይቶ፣ በገንዘብ ያዣችን እጅ አለ። ከምሳ በኋላ ጠይቁና እዩት፤ የማይገባችሁ ነገር ካለ ሳልሄድ ጠይቁኝ።